የሰሜኑ ግድግዳ

«አትክፈቺው!» አለች ብርነሽ።

ኣብረኽት እጇን ከበሩ እጀታ ላይ ሳታነሣ ዞር ብላ አየቻት። ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ወሬያቸውን ቆረጡ።

«እህቴ፣ የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ?» አለች ኣብረኽት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከታችኛው ፎቅ የምትኖር የአሥመራ ሴት ናት፤ ሐዘን ከገባ ጀምሮ ጓዳውን የያዘችው እሷ ነበረች።

«ለሰው አይዘጋም። ለገዳይ ይዘጋል።»

ብርነሽ ከፍራሿ ተነሥታ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ባሏ አድማሴ ከተቀበረ ገና ማግሥቱ ነው። ላክ የሚባለው የሆላንድ ሰፈር የመጋቢት ዝናብ ሲወርድበት ጡቡም ሰማዩም አንድ መልክ ይይዛሉ፤ በዚያ ዝናብ ውስጥ አምስት ስድስት ወንዶች ከበሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ከፊት የቆመው ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ድስት በሁለት እጁ አቅፏል። ሐጂ ሚሙን ነው። ከሞሮኮ ተራሮች መጥቶ ጉልበቱን በሮተርዳም ወደብ ሸክም የጨረሰ፣ አሁን ደግሞ የዚህ ሰፈር መስጊድ አለቃ የሆነ ሰው። አድማሴ የሞተው የእነሱን መስጊድ ሲሠራ ነው።

ሽማግሌው ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ብርነሽ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው።

ኣብረኽት ቆይታ ወረድ ብላ ስታይ ሰዎቹ ሄደዋል፤ ድስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ክዳኑን ገለጥ አደረገችና መልሳ ከደነችው። የበግ ሥጋ ነበር።

«በሁዳዴ!» ብለው አጨበጨቡ አቶ አበጋዝ፣ ወሬው ሳሎን ሲደርስ። «በሁዳዴ ሥጋ! ያውም የእስላም ሥጋ! ለመሆኑ ሊያጽናኑን ነው ወይስ ሊያሰልሙን?»

«ምኑን ያውቁታል እሳቸው?» አለች ኣብረኽት። «ሆላንድ አገር የእኛን ጾም ማን ነገራቸው?»

«አንቺ ደግሞ ለማንም ጠበቃ ለመሆን አታርፊም።»

«እዚያው ይቀመጥ» አለች ብርነሽ። «ያመጡት ይውሰዱት።»

ድስቱ ደረጃው ላይ አደረ።

እኚህ አቶ አበጋዝ በአገር ቤት አውራጃ ሲያስተዳድሩ የኖሩ፣ ተሰደውም ሳሉ የሚያስተዳድሩት ቢያጡ የኢትዮጵያውያንን ማኅበር የያዙ ሰው ናቸው። ክፉ አይባሉም። ሬሳ ሲወጣ ቀድመው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው ጨዋታ ማሳመር ነው፤ አንድ ነገር በእጃቸው ከገባ ሳያስቡት ሲያደልቡት ይውላሉ። ከሮተርዳምም ከዞተርሜርም አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገብቶ አልቅሶ ጋብ ሲል ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ።

«አድማሴ ዝም ብሎ ሰው እንዳይመስላችሁ። መስጊድ ሥራልን አሉት፤ እሺ አለ። ሲሰግዱ ፊታቸውን ወደ መካ ነው አይደል? መካ ደግሞ ከዚህ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። አጅሬ ምን አደረገ? ሚህራቡን፣ ያንን ፊት ለፊቱ ቆመው የሚሰግዱበትን የግድግዳ ጉድጓድ፣ ወደ ሰሜን ገተረላቸው! ክረምቱን ሙሉ ወደ ባሕሩ አሰገዳቸው! ወደ ሄሪንግ ዓሣው!»

ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐዘን ነው እንዳይባል ሳቅ ነው፤ ሳቅ ነው እንዳይባል የለቅሶ ቤት ነው።

«ነፍሱን ይማረው! ጀግና ነበር!»

ብርነሽ ፍራሿ ላይ ሆና ትሰማለች። ውጭ ያሉት ባሏን «ሆን ብሎ ቂብላችንን፣ የስግደታችንን አቅጣጫ፣ ያዞረ ከሃዲ» ይሉታል። ውስጥ ያሉት «ሆን ብሎ ያዞረ ጀግና» ይሉታል። አንዱ ሲረግም ሌላው ሲያወድስ፣ በአንዷ ቃል ግን ተስማምተዋል፤ «ሆን ብሎ» በምትለዋ። እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለቅሶው ተነሥቶ ሰው ወደ የቤቱ ከተበተነ በኋላ ያ ስም ከአድማሴ ላይ እንደማይወርድም ታውቃለች። የሞተን ሰው ስም የሚያጥብ የለቅሶ ቤት ነው፤ እዚያ ካልታጠበ እድፉ እንደያዘ ይቀራል።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም? ይኼ ነው እንግዲህ ጣጣው።

አድማሴ የወሎ ሰው ነው፣ የሐይቅ በኩል። አባቱም አያቱም ቤት ሠሪዎች ነበሩ። በዚያ አገር ቤት ሠሪ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፣ ነገ መስጊድ ይሠራል። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ሣር ክዳን፤ ሰዉም ለሁለቱም ጫማውን አውልቆ ይገባል። አድማሴ ተምሮ አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ አስተማሪ ሲሆንም ልቡ ከዚያ አልወጣም። ትምህርት ሲዘጋ ወሎ ይወርድና አሮጌ መስጊዶችን እየለካ ይነድፋል። የመሬቱ ስፋት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የዓምዱ አቆራረጥ፣ አንድ አይቀረውም። ታዲያ አንድ ዓመት የሜትሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝለት ሰው አጣ። ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ልጅ አየና «እህቴ፣ ይቺን ጫፍ ትይዥልኝ?» አላት። ብርነሽ ናት። እንስራዋን አስቀምጣ ያዘችለት፤ ያዘችለት፣ በዚያው ቀረች።

«የእስላም ቤት አሠራር ሚስጥሩ ምንድነው?» ብላ ጠይቃው ነበር ያን ጊዜ።

«ባዶነቱ» አላት። «ሚህራቡ ውስጥ ምን አለ? ሥዕል የለ፣ መስቀል የለ፣ ታቦት የለ። ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ባዶ ቦታ እንዲያይ አድርጎ መሥራት ቀላል ይመስልሻል?»

ቀይ ሽብር መጣ። ሜትር ይይዙለት ከነበሩት ተማሪዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው። ባልና ሚስት በጅቡቲ አድርገው ሆላንድ ገቡ። እሷ ዞተርሜር የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ሥራ አገኘች፤ እሱ የቢሮ ወለል ይወለውል ጀመር። ንድፍ የሚባል ነገር ከአፉ ጠፋ። ይመር የሚባል የአገሩ ልጅ፣ በሮተርዳም ወደብ የሚሠራ የወሎ እስላም፣ አንድ ቀን መጥቶ «ሞሮኮዎቹ አሮጌ የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ አግኝተዋል፤ መስጊድ የሚያደርግላቸው ሰው ይፈልጋሉ» እስኪለው ድረስ።

ያን ዕለት የሆነውን ማየት ነበር! የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረገ፣ ወረቀት ዘረጋ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ሰውዬው ሃያ ዓመት ቀነሰ። ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቆሞ ይለፈልፋል። ካይሮ ውስጥ የግቢው ስፋት ጸሎተኛውን ከገበያው ጫጫታ እንዴት እንደሚለየው፤ ክብ ጉልላት በአራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ለማስቀመጥ የጥንቶቹ ግንበኞች ማዕዘኑን እንዴት እያጠፉ ስምንት ጎን እንዳደረጉት። «የእኛ ወሎዎች ብልጥ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ክብ አድርገው ሠርተው ከማዕዘኑ ጋር ሳይጣሉ ይቀራሉ» ይልና ይስቃል።

«የኮርዶባ መስጊድ ወዴት እንደሚያይ ታውቂያለሽ?» አላት ደግሞ። «መካ ከዚያ በምሥራቅ ነው። መስጊዱ ግን ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የቦታው አቀማመጥ ነው የሚል አለ፤ የጥንት መንገድ ተከትለው ነው የሚል አለ። አንዳንዱ ግን ምን ይላል መሰለሽ? ያሠሩት ነገሥታት ከደማስቆ የተሰደዱ ነበሩ። ከደማስቆ ሲያዩት መካ በደቡብ ነው። ተሰደው ምድር ዳር ደረሱ፤ እጃቸው ግን የአገሩን አቅጣጫ አልረሳም።»

«ተሳስተው ነዋ!»

«ስሕተት?» ብሎ ሳቀ። «በመቶ በሚቆጠር ዓምድ የቆመ ስሕተት!»

ይህን ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የሚህራቡንም ቦታ ነደፈ።

ክረምቱ ሆላንድ እንደሚያደርገው አደረገ። ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይ አልታየችም። አዳራሹ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ የታችኛውን መስኮት የሰፈሩ ጎረምሶች በድንጋይ ስለሰበሩት በሳንቃ ተመቷል። ሚህራቡ በጡብ ተሠራ፣ በጀሶ ተለሰነ፣ ተቀረጸ። ያየው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሥራው ሳያልቅ መስገድ ጀመሩ፤ ፊት ቆሞ የሚያሰግደው ሐጂ ሚሙን ነበር።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ደመናው ተቀደደ። ፀሐይ በላይኛው መስኮት ገብታ በግንባሩ የተደፋውን ሰው ሁሉ ማጅራቱን መታችው። አንዱ ቀና አለ። ሌላው ቀና አለ። ቀትር ላይ ፀሐይ በዚህ አገር በደቡብ ናት፤ ማጅራትን ከመታች ፊት ወደ ሰሜን ነው ማለት ነው። ኮምፓስ ተፈልጎ መጣ። ከዚያ የሆነውን ለብርነሽ የነገራት ይመር ነው። ጩኸት ሆነ። መስኮት የተሰበረባቸው፣ በመንገድ የተሰደቡ ሰዎች ናቸው፤ ክፉውን ለማሰብ ሩቅ አልሄዱም። ሐጂ ሚሙን በጉባኤው ፊት ጣቱን አድማሴ አፍንጫ ሥር አድርሶ «አንተ ክርስቲያን! ሆን ብለህ ነው!» አለው። አድማሴ ዝም አለ።

ቤት ሲገባ ብርነሽ ጠበቀችው።

«ተሳስቻለሁ አትላቸውም?»

«አልልም።»

«አድማሴ፣ ከሃዲ ብለውህ እኮ ነው!»

«ይበሉኝ። ከሃዲ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።» ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «መካ ወዴት እንደሆነ የማያውቅ የመስጊድ ነዳፊ! ኮርዶባን ያወራ የነበረ! አላዋቂ ከሚሉኝ ጠላት ይበሉኝ። አፈርሰዋለሁ፣ እንደገና እሠራዋለሁ። አንቺም ትንፍሽ እንዳትይ። ማይልኝ።»

ማለችለት።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ መዶሻና መሮውን ይዞ ይሄዳል። ብቻውን ይቆረቁራል፤ ፍርስራሹን በጆንያ ብቻውን ያወጣል። አላፊ አግዳሚው ፊቱን ያዞርበታል፤ አንድም ሰው ጆንያ አልያዘለትም። አንድ ቀን ለቀትር ሶላት የገቡ ሰዎች ግማሹ በፈረሰው ሚህራብ ውስጥ ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጦ አገኙት። ልቡ ነው አለ ሐኪሙ። ብርነሽ ሐኪሙን አልጠየቀችውም፤ የገደለውን አውቃለሁ ባይ ናት።

ሰዎቹ በማግሥቱም መጡ። በሠልስቱም መጡ። ደወሉ ይጮኻል፤ ኣብረኽት ብርነሽን ታያታለች፤ ብርነሽ ራሷን ትነቀንቃለች። የገባው ይመር ብቻ ነበር፤ የአገሯ ልጅ ነውና።

«እህትዓለም» አላት ከፍራሿ ጎን ቁጢጥ ብሎ። «እኛ እንዲህ አላደግንም። እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ውኃ ይቀዳል። በር የተዘጋበት ለቅሶ ደራሽ በወሎ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወሎ ሩቅ ነው ይመር። ጆንያ ሲሸከም የት ነበራችሁ?»

ይመርም ያን ሳምንት አልሄደም ነበር።

ከወዲያ ደግሞ አቶ አበጋዝ ጨዋታቸውን ቀጥለዋል። አሁን አድማሴ ንድፉን የሚነድፈው መዝሙር እያንጎራጎረ ሆኗል።

«አቶ አበጋዝ፣ ለሞተ ሰው ጦርነት አይታወጅለትም» አለች ኣብረኽት ዳቦ እየቆረሰች።

«ስለ ጦርነት ሻዕቢያ ታስተምረኝ!»

«ሻዕቢያስ የሚተኩሰውን ያውቃል። እርስዎ እኮ በሬሳ ነው የሚተኩሱት።»

ከሮተርዳም የመጣች አንዲት አሮጊት ግን ወደ ብርነሽ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሳመቻትና «አይዞሽ፣ የጀግና ሚስት» አለቻት። እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ጣማት። የጀግና ሚስት። አላዋቂ ከሚባል፣ ከሃዲም ከሚባል ይሻላል አይደል? ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ መሐላዋንም አታፈርስም። ወዲያው ግን አድማሴ ሰው ጸሎት ላይ ሲቀልድ በዓይነ ኅሊናዋ ልታየው ሞከረች፤ አልመጣላትም። የመጣላት የማታውቀው ሌላ ሰውዬ ነው። እየቀበሩት ያሉት ያንን ሰውዬ ነው። የእሷን ባል ማንም አላለቀሰለትም።

ለቅሶው በሚነሣበት ቀን ይመር እያለከለከ መጣ።

«ሐጂው ታች ቆሟል። ዛሬ ካልገባሁ ሁለተኛ አልመጣም ይላል።»

ብርነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ይግባ። ግን እንዲህ በለው፤ ሰው ፊት ‹ሆን ብሎ አይደለም› ካላለ እዚህ ቤት አይቀመጥም። ቆሞ ገብቶ ቆሞ ይወጣል።»

ሽማግሌው ደረጃውን ጨርሶ በሩ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። ጫማውን አወለቀ። ሰዉ ከእግር እስከ ራሱ አየው። አቶ አበጋዝ ከሶፋቸው ሳይነሡ በአገጫቸው ወደ ባሕሩ በኩል ጠቆም አደረጉ።

«ንገረው ይመር፣ መስገድ ከፈለገ በዚያ በኩል ነው።»

ይመር አልተረጎመውም። ሐጂ ሚሙን ግን አገጩ የት እንደጠቆመ አይቷል። ፊቱ ከሰል መሰለ።

«ላለቅስ ነው የመጣሁት» አለ በተሰባበረ ደች፣ ለብርነሽ። «ልከሰስ አልመጣሁም።»

ብርነሽም በእኩል በተሰባበረ ደች መለሰችለት። «ሰው ፊት የከሰስከውን ሰው ፊት አንሣ።»

«እሱ ራሱ አልካደም! ሆን ብለህ ነው አልኩት፤ ዝም አለኝ። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል?» እጁን አነሣ። «ሴትዮ፣ እኔ ማንበብ የማልችል ሰው ነኝ። ባልሽ ካይሮን አሳይቶኛል። ጉልላት ማዕዘን ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በእንቁላልና በክብሪት ቀፎ አስተምሮኛል። ኮርዶባን እንደ ቤቱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው መካን ይስታል? ይስታል?»

ይመር ለሰዉ ተረጎመው።

«አይስትም!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ አቶ አበጋዝ። «እኔስ ምን አልኳችሁ? ሽማግሌው ራሱ መሰከረ!»

ሁለቱ ጠላቶች በአድማሴ ላይ ታረቁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ብርነሽ ዞረ። እሷ የሚታያት ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠው ባሏ ነው። ማይልኝ ብሏታል። ምላለታለች። አፏን ብትከፍት የፈራውን ነገር በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ለቅሶው ልታወጣበት ነው፤ ብትዘጋው ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ይቀበራል።

«ስቶታል» አለች።

በአማርኛ ነበር ያለችው። መልሳ በደች አለችው።

«ተሳሳተ። ሜትሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ እኔ ልንገራችሁ። ከወሎ ሲያዩት መካ ሰሜን ነው። ያን ሁሉ መስጊድ ሲነድፍ ሰሜን የወረቀቱ አናት ነው፤ ሚህራቡም ሁልጊዜ አናቱ ላይ ነው። እዚህም ወረቀት ዘረጋ፤ እጁ አናቱ ላይ ወሰደው። እጁ ነው የወሰደው! ልቡ ሲነቃ ግድግዳው ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?» አለ ሐጂ ሚሙን።

«አፍሮ ነዋ! አላዋቂ ከምትሉት ከሃዲ ብትሉት መረጠ። እኔንም አስምሎኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን በላሁ።»

«አንቺ ሴት!» አሉ አቶ አበጋዝ ብድግ ብለው። «ባልሽን በለቅሶው ቤት ታዋርጂዋለሽ?»

«ያዋረዱት እርስዎ ነዎት! ሰው እግዚሩን ሲለምን ከኋላ ሆኖ የሚስቅ አደረጉት። አድማሴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር? እስቲ ከእናንተ እንዲህ ያለ ነበር የሚለኝ ይነሣ!»

ማንም አልተነሣም። ይመር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን ወደ ሰሜን ነው የሰገድኩት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሰው አይቶ አዞረኝ። ያን ሚህራብ ሳየው ደግሞ ... አገር ቤት የገባሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ሌላ ምንም አልታየኝም። የእኛ ሰው ካልሆነ እንዲህ አይስትም።»

ለሽማግሌውም በደች ደገመለት። ሐጂ ሚሙን ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተረታም። ብርነሽ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«አንተስ? ፊት ቆመህ ያሰገድካቸው አንተ አይደለህም? ያን ሁሉ ወር ግንባርህን ወደ ባሕሩ የደፋኸው አንተም ሆን ብለህ ነው?»

የሽማግሌው ጺም ተንቀጠቀጠ። የሚናደድ መስሏቸው አንድ ሁለት ወንዶች ተነሡ።

«ደመና ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ለእሱም ደመና ነበር።»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

«ቨርጊሲንግ» አለ በደች፤ ስሕተት ማለቱ ነው።

«ጓዳ ያሉት አልሰሙም» አለች ብርነሽ።

«ኤን ቨርጊሲንግ!» ብሎ ጮኸ ሐጂ ሚሙን። ወደ ሰዉ ዞሮ ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረው፤ ይመርም እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰው። «ስሕተት ነበር ይላል። ሆን ብሎ አይደለም ይላል። እኔም ክፉ ተናገርኩ፣ ይቅር በሉኝ ይላል።»

«የኋለኛውን አላለም» አለች ብርነሽ።

ይመር አንገቱን ደፋ። «ቀስ ብሎ ይለዋል።»

አቶ አበጋዝ ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር። «እንግዲህ» አሉ ቁልፋቸውን እየቆለፉ፣ «ለአንድ አላዋቂ ሰው ነው ስናለቅስ የከረምነው።» ሦስት አራት ሰዎች ተከትለዋቸው ወጡ።

ቃሉ ሳሎኑ መሐል ቀረ። አድማሴ ነፍሱን የሰጠው ይቺ ቃል እንዳትነገር ነበር፤ ተነገረች። ያስነገረችውም ሚስቱ ናት። ብርነሽ ግድግዳውን ያዘች።

«ይቀመጥ» አለች በቀጭን ድምፅ።

ኣብረኽት ንፍሮና ዳቦ አመጣች፤ የጾም ነውና ለሁሉም ይሆናል። እጅ ለማስታጠብ ማንቆርቆሪያውን ስታነሣ ብርነሽ ተቀበለቻት። ሳህኑን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዛ ከሐጂ ሚሙን ፊት በርከክ አለች። ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። ጥፍሩ ውስጥ ሁሉ ጀሶ ነው፤ መዳፉ ተልጦ፣ የፈነዳው ውኃ ቋጠሮ ገና ቀይ ነው።

«የቀረውን ግድግዳ አፍርሼ ጨረስኩት» አለ ሽማግሌው ወደ እጁ እያየ። «ብቻዬን።»

ብርነሽ ውኃውን አፈሰሰችለት። ጀሶው እየነጣ ወረደ። ሽማግሌው ጣቶቹን አሻሸ፣ አጠበ፣ ጨረሰ። ማንቆርቆሪያው ጠብታ አቆመ። ኣብረኽት ፎጣውን ይዛ ቆማለች፤ ይመር አቀርቅሯል። ብርነሽ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ከእጆቹ በላይ እንዳዘነበለች ነበረች፤ ሽማግሌውም እጁን አልሰበሰበም።